ጣቴ የገባበት ስንጥቅ

አባቴ በሕይወቴ ያናገረኝ አንድ ክረምት ብቻ ነው። እርግጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም «በሩን ዝጊው»፣ «ብርሃን ከለከልሽኝ»፣ «እናትሽ የት ናት?» ብሎኛል፤ ይህንን ማውራት ካላችሁት አውርተናል። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ከሥራ ተመልሶ በረንዳው ላይ ይቀመጥና የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ይጠራኝ ነበር።

«እስቲ ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ። ዛሬ ምን ሠራችሁ?»

ሁለቱ ወንድሞቼ ከእሱ ጋር የሚያወሩት ኳስ ነበራቸው። እኔ ምንም አልነበረኝም። የመጨረሻ ልጅ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ በዚያ ላይ ወሬዬ ስለሚንዛዛ ሰው ሳልጨርስ ይሰለቸዋል። በዚያ ክረምት ግን አባቴ አልሰለቸም። እንዲያውም ጨርሼ ዝም ስል «ሌላስ?» ይለኝ ነበር። ይህቺን «ሌላስ» ለመስማት ስል ምን ያልነገርኩት ነገር አለ?

«ሠራችሁ» የሚለው እኔንና አክስቴን ነው። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባል አላገባችም፣ በአያቴ ቤት ብቻዋን ትኖራለች፣ ዓመቱን ሙሉ የአበባ ማሰሮ ትሠራለች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ሸክላ ታስተምራለች። እሷ ዘንድ እንድሄድ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ አባቴ ነው። ምሳ ላይ ነበር ያነሣው።

«ይቺ ልጅ እቤት ተጎልታ ከምትውል ለምን እህቴ ዘንድ ሄዳ ሸክላ አትማርም?»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ ነህ ይህን የምትለው? ሁለት ዓመት ሙሉ ደጇን ረግጠህ የማታውቀው?»

«እኔና እሷ ሌላ፣ ልጅቷ ሌላ። አክስቷ አይደለችም እንዴ?»

«እሱማ ናት» አለች እናቴና ዓይን ዓይኑን አየችው። እኔ ደግሞ የምጎርሰው ጠፋኝ። ጭቃ እንደምወድ ማን ነገረው? እኔ ሳላውቅ ሲያየኝ ኖሯል ማለት ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አሁን የማውቀው እንዲህ ነው። አያቴ ሲሞቱ ቤቱን ለአክስቴ ትተውላት ነበር፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። «ቤቱ ላይ ጉዳት ሳታደርስ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትኑርበት፤ ጉዳት ካደረሰችበት ለበኩር ልጄ ይሁን» ብለው ነው የተናዘዙት። የበኩር ልጃቸው አባቴ ነው። አባቴ በዚህ ኑዛዜ አንጀቱ እርር እንዳለ ነበር የኖረው። ከእህቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ቤቱ መግባት ስላልቻለ በእኔ እግር ገባ።

የአክስቴን በር ስትከፍቱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ሳሎኗ ሶፋ የለውም። መሐል ላይ አንድ ረጅም የጣውላ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የማይመሳሰሉ ስምንት በርጩማዎች፣ ጥግ ላይ ውኃ የሞላ ባልዲ፣ መደርደሪያዎቹ ላይ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈኑ የልጆች ሥራዎች አሉ፤ አንገታቸው የተጣመመ ማሰሮዎች፣ ጆሮ የሌላቸው ስኒዎች፣ ውሻ ነው የተባለ አንድ ነገር። አክስቴ የወንድ ሸሚዝ እጅጌውን ሰብስባ ከኋላችን ትዞራለች። ስታስተምር ማቆላመጥ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስኒ።»

«በዚህ ሰው ቢመቱበት ይሞታል። ግድግዳውን አሳሺው።»

ስኒው ሲሳሳ ደግሞ ጆሮው ይወድቅብኛል። የወደቀውን ጆሮ ታነሣና አፍንጫዬ ሥር ትይዘዋለች።

«ስኒው ደርቋል፣ ጆሮው እርጥብ ነው። እርጥብ በደረቅ ላይ አይዝም። ለጊዜው የያዘ ይመስልሻል፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና ጥሎሽ ይሄዳል። ሁለቱም እኩል እርጥብ ሆነው፣ ጫር ጫር አድርገሽ፣ በቀጭን ጭቃ ነው የምታያይዢው።»

ያልጣማት ሥራ ሁሉ የሚሄደው ወደ ባልዲው ነበር። ያልተተኮሰ ሸክላ ውኃ ውስጥ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እኛ ስናለቅስ «ገና እሳት አላየም» ትለናለች፤ «ስህተትሽን አልያዘብሽም። እንደገና ሥሪ።»

እሳት የሚያየው ጓዳ ውስጥ ነው። ሸክላው የሚተኮስበትን የጡብ ምድጃ እቶን ነበር የምንለው፤ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ተጠግቶ ተሠርቷል። አርብ አርብ ይለኮሳል። ከመለኮሱ በፊት አፉ በጡብ ይደፈናል፣ የመጨረሻዋን ጡብ የማስገባውም እኔ ነበርኩ። የወንድሟ ልጅ ስለሆንኩ ነው እያልኩ ለሌሎቹ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ድምቡሼ የምንላት ባለ ክብ ፊት ልጅ በዚህ ነገር ትንገበገብ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አርብ ጡቤን አስገብቼ እጄን ስጠርግ ከእቶኑ በስተኋላ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አየሁ። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ ይወጣል። ጣቴን አስገባሁበት። ጠቋሚ ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገባ፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ያን ቀን በረንዳው ላይ ስለ ጎድጓዳ ሳህኔ ተረኩለት። ለእሱ የምሠራው ስለነበር እግሩን አወፈርኩት፣ አፉን አሰፋሁት፣ ጠርዙ ላይ በጥፍሬ ነጠብጣብ አደረግሁበት። ጨርሼ ዝም ስል «ሌላስ?» አለኝ። ሌላ አልነበረኝም። ተነሥቶ እንዳይሄድብኝ ስንጥቁን ነገርኩት።

የጫማውን ማሰሪያ መፍታቱን ተወ። «የት ጋ?»

«ከእቶኑ ኋላ። ጣቴ ይገባል።»

«የትኛው ጣትሽ?»

አሳየሁት። እጄን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ጣቴን ከጫፉ እስከ ሥሩ አየው። «እስከ የት ገባ?» አለኝ። አንጓዬን አሳየሁት። ከዚያ ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና የሆነ ነገር ጻፈ። አባቴ እጄን የያዘበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። የጻፈውም የእኔን ጉብዝና መስሎኝ ነበር።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ልጅቷን ከዚህ ነገር ውስጥ አታስገባት» አለችው።

«ምን አደረግኋት? ተጫወትን እኮ።»

«አውቅሃለሁ» ብላ ገባች። ቀንታ ነው ብዬ ታዘብኳት።

ቅዳሜ ጠዋት እየሮጥኩ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጭቃ እየመታች ነበር፤ ውስጡ አየር እንዳይቀር እያነሣች ጠረጴዛው ላይ ታፈርጠዋለች።

«አባዬ ትናንት እጄን ያዘኝ» አልኳት።

ቀና አለች። «ማን? ወንድሜ?»

«አዎ። በየቀኑ አጠገቡ አስቀምጦ ምን እንደሠራን ይጠይቀኛል።»

ሳቀች። ሳቋን ዛሬ ሳስበው የእውነት ደስ ብሏት ነበር። «እኔንም አንድ ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ እጄን ይዞ ቤት አድርሶኛል» አለች። «ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንኳ…» ቀሪውን ተወችው፣ ጭቃዋንም ደጋግማ አፈረጠችው።

ከሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ቦርሳ ያነገተ ሰው መጥቶ ወረቀት ሰጣት። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አላት፤ ጭቃ በነካው እጇ ፈረመች። ቆማ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ አየች፤ ወደ ፊቴ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ወደ ተዘረጋው እጄ። ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ አይታ ልትቆጣኝ ነው ብዬ እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ።

በማግስቱ በርጩማዬ ከጓዳው በር አጠገብ ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነሽ» አለችኝ። «ጓዳ አትግቢ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ብርሃን ይሻልሻል ብዬ ነው።»

አርብ ሲደርስ የመጨረሻዋን ጡብ ድምቡሼ አስገባች። አስገብታም ዞር ብላ ምላሷን አወጣችብኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ። ማንም ምክንያቱን ስላልነገረኝ ራሴ ፈጠርኩለት፤ አክስቴ እኔን ጠልታ ድምቡሼን ወዳለች። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታስተምረኝን ሁሉ ፊቴን አጨማድጄ ነበር የምሰማው። እሷ ግን በየጠዋቱ «ትናንትስ አባትሽ ምን አለሽ?» ትለኛለች፤ ይህንን ስትጠይቀኝ ኩርፊያዬን ረስቼ እዘረዝርላት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ከጓዳ ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ ይሰማል። በሩን ገፋ አደረግሁት። አክስቴ ተንበርክካ ስንጥቁን በጭቃ እየደፈነች ነበር። አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ግንባሯ ላይ ጭቃ ነበረ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«እርጥብ በደረቅ ላይ አይዝም ብለሽ የለ?» አልኳት። ስህተቷን ስላገኘሁባት ደስ ብሎኝ ነበር።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«እስከ ሐሙስ ይይዝልኛል። ከሐሙስ በኋላ አፍርሼ በሥርዓቱ እሠራዋለሁ።»

ከዚያ ከጥግ አንድ መደርደሪያ ከነሸክላው እየጎተተች መጥታ ግድግዳው ፊት ገተረችው። አግዢኝ አላለችኝም። እጇን በሸሚዟ ጠረገችና የእቶኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬም አባትሽ ምን ሠራችሁ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ሁሉንም ነዋ።»

ከጥፍሯ ሥር ጭቃውን ፈለቀቀች። አንዲት ቃል ብትጨምር ይበቃ ነበር። «ይህንን አትንገሪው» ብትለኝ፣ ተቀይሜም ቢሆን፣ አልነግረውም ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። እሷ ያለችኝ ግን «ሂጂ ቦታሽ ተቀመጪ፣ ልጆቹ እየመጡ ነው» ብቻ ነው።

ያን ቀን «ሌላስ?» እስኪለኝ አልጠበቅሁም። ልጅ ስለነበርኩ በየዋህነት ነው የነገርኩት ብል እዋሻለሁ። በድምቡሼ ጡብ ተናድጄ፣ አክስቴም ትቅመሳት ብዬ ነው የነገርኩት። የምትቀምሰው ቁጣ መስሎኝ ነበር እንጂ ቤት ማጣት አልመሰለኝም። ጭቃውን ነገርኩት፣ መደርደሪያውን ነገርኩት፣ «እስከ ሐሙስ ይይዝልኛል» ያለችውን ደግሞ ተነሥቼ እንደ እሷ እጄን በልብሴ እየጠረግሁ፣ ድምጿን አስመስዬ አሳየሁት። አባቴ ሳቀ። ግንባሬን ሳመኝ።

«አንቺ ልጅ ዓይንሽ ጥሩ ነው» አለኝ።

በዚያች ደቂቃ የነበረኝን ደስታ በኋላ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

ሐሙስ ዕለት፣ በወረቀቱ ላይ በተቀጠረው ቀን፣ አባቴ አንድ መሐንዲስ አስከትሎ የአክስቴን በር አንኳኳ። ከሁለት ዓመት በኋላ መምጣቱ ነበር። እህትና ወንድም «ደህና ዋልሽ»፣ «ደህና» ተባባሉ። እኔ የሠራሁትን ሊያይ የመጣ መስሎኝ እግሩ ስለወፈረ ገና ያልደረቀውን የጎድጓዳ ሳህኔን ላስቲክ ገልጬ፣ ነጠብጣቡ በእሱ በኩል እንዲሆን አዙሬ፣ አጠገቡ ቆምኩ። እሱ በአጠገቤ አልፎ ወደ ጓዳ ገባ።

ተከተልኳቸው፤ የከለከለኝ የለም። መሐንዲሱ ጣሪያ ቀና ብሎ አላየም፣ መሠረት አልመረመረም፣ መስኮት አልነካም። በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄደና «ይህንን ዕቃ አንዴ እናንሣው እትዬ» አለ። ከኋላው ያለው ጭቃ በሁለት ቀን ደርቆ ከዳር ዳር ተሰብስቧል። በእርሳሱ ጫፍ ሲነካው ተገምሶ እግሩ ሥር ወደቀ።

አክስቴ መሐንዲሱን አላየችም። አባቴንም አላየችም። እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ፣ አይዝም ብላ ያስተማረችኝ ልክ ሆኖ ስለተገኘ፣ ፈገግ አልኩላት።

ከዚያ ያለው በፍጥነት ሆነ። መሐንዲሱ ጻፈ፣ ወረቀቶች ሄዱ መጡ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው አክስቴ ከቤቱ እንድትወጣ በፍርድ ቤት ተወሰነ። እቶኑን ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት አፈረሱት። ሸክላችን የሚተኮስበት እሳት ስለሌለ ልጆቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥሬውን ይዘው ሄዱ። የእኔን ሳህን አክስቴ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ለአባትሽ ስጪው። ውኃ እንዳያስገባበት ንገሪው።»

ሰጠሁት። «እሺ» አለኝ፣ የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እርሳስ አኖረበት። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ቀድሜው በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። መጣ፣ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ጋዜጣውን ዘረጋ። ሳይጠራኝ ጀመርኩለት፤ ድምቡሼ እንደወደቀች፣ የጎረቤት ድመት እንደወለደች።

«ብርሃን ከለከልሽኝ» አለኝ።

ወሬዬ አልጣፈጠ ብዬ ብዙ ወር ለፋሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነገር ነገር ስፈልግ እውላለሁ፣ ሳጣ እፈጥራለሁ። አንድ ጊዜ የክፍላችን ግድግዳ ተሰንጥቋል ብዬ ሁሉ ዋሸሁት። ገጹን ገለበጠ። ቤቱን ትልቁ ወንድሜ ሲያገባ ገባበት፤ ግድግዳው በሦስት ቀን ተጠገነ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ወረቀቶቹን የማገላበጥ ሥራ ለእኔ ደረሰ፣ ምክንያቱም ወንድሞቼ አቧራ ያስነጥሳቸዋል። አንድ ካርቶን ሥር የአቤቱታውን ግልባጭ አገኘሁት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ። «ከምድጃው በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የአንድ ሕፃን ጠቋሚ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ የሚያስገባ ስንጥቅ ይገኛል» ይላል። ከሥሩ መድረሱን የሚያሳይ የአክስቴ ፊርማ አለ፤ ፊርማው ላይ ቡናማ የጣት አሻራ ደርቆበታል። ቁጭ ብዬ ጠቋሚ ጣቴን አየሁት። በርጩማዬ ለምን እንደተነሣ የገባኝ ያኔ ነው፤ ስንጥቁን ስትደፍን ያየችኝ ጊዜ፣ የማየው ሁሉ የት እንደሚሄድ ታውቅ ነበር።

ሳህኑ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እርሳስ እንደታቀፈ። ሳህኑንና ግልባጩን ይዤ ወደ አክስቴ ሄድኩ።

ከአንድ የችግኝ ጣቢያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ያው የወንድ ሸሚዝ፣ ያው ባልዲ። ጣቶቿ ግን ተቆልምመዋል፣ አሁን ጭቃ አትመታም፤ የችግኝ ማሰሮ ታጥባለች። ወረቀቱን አሳየኋት። መነጽር አልፈለገችም።

«ቆሜ ነው ያነበብኩት» አለች። «አንቺ እጅሽን ስትደብቂ።»

«ካወቅሽ ለምን አላባረርሽኝም? ያን ማክሰኞስ፣ አትንገሪው ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ሳህኑን አነሣች፣ ገለበጠችው፣ በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገችው። «እግሩ ወፍራም ነው። ብንተኩሰውም ይፈነዳ ነበር» አለች።

ጠበቅኋት።

«በየጠዋቱ ስትመጪ ፊትሽን አላየሽው» አለች። «አባዬ እንዲህ አለኝ፣ አባዬ እንዲህ ጠየቀኝ። እኔ ከወንድሜ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። ከእሱ አፍ አንዲት ጥያቄ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ወሬሽን ብቀማሽ ምን ይዘሽ ልትቀርቢው ነበር? ወይስ፣ ገና አንድ ጊዜ ቢያይሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ዋሺው ልበልሽ?»

«ቤትሽን እኮ ነው ያጣሽው።»

«አጣሁት። አልቆጨኝም አልልሽም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ይቆጨኛል፣ ይቺ ጣሪያ ታፈሳለች።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ሳህኑን ቀስ ብላ ባልዲው ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አረፋ አወጣ፣ በጥፍሬ የሠራሁት ነጠብጣብ መጀመሪያ ጠፋ፣ ከዚያ ጠርዙ በአንድ በኩል ተንሸራተተ።

«ከዚያ በኋላስ?» አለችኝ ዓይኗን ከባልዲው ሳታነሣ።

«ምኑ?»

«አባትሽ። ከዚያ ክረምት በኋላም ይጠይቅሽ ነበር?»

በዚያ ክረምት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ወሬ ሳመላልስ ያየሁትን ብቻ ነበር የምናገረው።

«አዎ» አልኳት። «በየቀኑ። እስኪሞት ድረስ።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ባልዲው ውስጥ አስገባችና የቀረውን ወፍራም እግር በተቆለመሙ ጣቶቿ እየፈረከሰች አሟሟችው።